የአሠልጣኝ አንደበትና የሰዋስው ነገር




ለዚህ ንግግር የተመረጠው ርእስ ለመምህራን ጉባኤ የማይመጥን፣ ይልቁንም ለሜዳ ዳር ወግ የሚስማማ መስሎ ይታይ ይሆናል። የእግር ኳስ አሠልጣኝ ንግግሩ ያምርም አያምርም፣ ሰዋስው ይጠብቅም አይጠብቅም፣ ዋናው ነገር ቡድኑ ማሸነፉ ነው የሚል ሰው ብዙ ነው። በሌላ ወገን ደግሞ አንድ አሠልጣኝ ከጨዋታ በኋላ በሬድዮ ወይም በቴሌቪዥን ቀርቦ አንዲት ቃል ሲስት፣ ወይም የጀመረውን ዐረፍተ ነገር ሳይቋጨው ሲቀር፣ «እንዲህ የሚናገር ሰው ምን ሊያሠለጥን ነው?» ብሎ የሚስቅበት አይታጣም። ሁለቱም ፍርዶች ችኩል ናቸው። የመጀመሪያው ቃልን ከሥራ ይነጥላል፤ ሁለተኛው ደግሞ ሥራን በአፍ ብቻ ይመዝናል።

ነገሩ ከቀልድ የሚያልፍ መሆኑን ለመረዳት ከትልቁ ስታዲየም ወጥቶ ወደ ዱርቤቴ መምጣት ይጠቅማል። ዱርቤቴ ከባሕር ዳር ተነሥቶ በመራዊ በኩል ወደ ዳንግላ፣ ከዚያም በእንጅባራ፣ በቡሬና በፍኖተ ሰላም አድርጎ ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኝ የደቡብ አቸፈር ወረዳ ከተማ ናት። በዚህ ጎዳና ላይ በተደረደሩት ከተሞች ልጆችን ኳስ የሚያሠለጥነው ብዙውን ጊዜ ለዚሁ ተብሎ የተቀጠረ ባለሙያ ሳይሆን የትምህርት ቤቱ የስፖርት መምህር ነው። ከተጫዋቾቹ አንዳንዶቹ የከተማው ልጆች ናቸው፤ ሌሎቹ ከገጠር ቀበሌ ስንቃቸውን ተሸክመው መጥተው፣ ቤት ተከራይተው የሚማሩ ናቸው። ከዳንግላና ከእንጅባራ በኩል በሚመጣው ቡድን ውስጥ ደግሞ አፉን በአዊኛ የፈታና አማርኛን ሁለተኛ አድርጎ የተማረ ልጅ ይኖራል። እንዲህ ባለው ሜዳ ላይ አሠልጣኙ የሚናገራት ቃል ትገባለች ወይስ አትገባም የሚለው ጥያቄ፣ አንዱ ልጅ ተጫዋች ሆኖ መቀጠሉን ወይም «ይህ እንኳ አይገባውም» ተብሎ ከዳር መቀመጡን ይወስናል። ስለዚህም የአሠልጣኝ አንደበት ጉዳይ የመምህር አንደበት ጉዳይ ነው፤ ለዚህ ማኅበር ባዕድ አይደለም።

ከሁሉ አስቀድሞ ሰዋስው ምን እንደ ሆነ ማየት ይገባል። ሰዋስው በግዕዝ መሰላል ማለት ነው። የቀደሙት ሊቃውንት የቋንቋን ሥርዓት በመሰላል ስም መጥራታቸው ትርጉም ያለው ነገር ነው። መሰላል የሚሠራው ከፍ ካለ ስፍራ ለመድረስ ነው እንጂ ለብቻው ቆሞ እንዲታይ አይደለም። እርከኑ የተሰበረ መሰላል ሰውን ይጥላል፤ እርከኑ ሁሉ ደኅና ሆኖ የትም ያልተደገፈ መሰላልም ማንንም የትም አያደርስም።

ጎጃም ለዚህ ትምህርት እንግዳ አገር አይደለም። ዋሸራ፣ ደብረ ኤልያስና ዲማ ጊዮርጊስ በቅኔ ትምህርታቸው ስማቸው የታወቀ ስፍራዎች ናቸው። በቅኔ ቤት ተማሪው ግስ ያረባል፣ አገባብ ያጠናል፤ ከዚያም በሁለት ቤት ከሚቆመው ከጉባኤ ቃና ጀምሮ ደረጃ በደረጃ ወደ ረዣዥሞቹ ቅኔዎች ይወጣል። ቆጥሮ ያመጣውን ቅኔ ከመምህሩ ፊት ቀርቦ ይናገራል፤ መምህሩም አገባቡ የተሳተበትን፣ ምሥጢሩ የጎደለበትን እያሳየ ያርመዋል። እርማቱ ጥብቅ ነው። ይሁን እንጂ እርማቱ የሚደረገው ሰሙ ተስተካክሎ ወርቁ እንዲታይ ነው። አገባቡ የቀና ሆኖ ምሥጢር የሌለውን ቅኔ «በጎ ቅኔ ነው» የሚል መምህር አይገኝም። ምሥጢሩ የበዛ ሆኖ አገባቡ የፈረሰውንም እንዲሁ አይቀበለውም፤ ሰሚው ወደ ምሥጢሩ የሚወጣበትን መሰላል አጥቷልና። የአሠልጣኝንም ንግግር ለመመዘን ከዚህ የተሻለ ሚዛን ከሩቅ አገር ማስመጣት አያሻም።

የአሠልጣኝ ንግግር በሦስት ስፍራ ይታያል፤ በሜዳ ዳር፣ በመልበሻ ክፍልና በድምፅ ማጉያ ፊት። በሦስቱም ስፍራ ሰዋስው ይሠራል፤ የሚሠራው ግን በአንድ ዓይነት መንገድ አይደለም።

በሜዳ ዳር የሚነገረው ከሁሉ ያጠረ ነው። አማርኛ ግሱን ወደ መጨረሻ የሚያመጣ ቋንቋ ነው። በመጽሐፍ ሥርዓት «ኳሷን በቀኝ በኩል ለቆመው ስጥ» ይባላል። በዚህ ዐረፍተ ነገር የሚሠራው ሥራ ምን እንደ ሆነ የሚታወቀው መጨረሻ ላይ ነው። እየሮጠ የሚሰማው ልጅ ግን «ስጥ» የሚለው ቃል እስኪደርስለት ድረስ ተቃራኒው ቡድን ይደርስበታል። ስለዚህ አሠልጣኙ «ስጥ! ለቀኙ!» ብሎ ይጮኻል። ግሱ ቀደመ፤ የቀረው ተከተለ። ይህን ሰምቶ «የአማርኛ ሥርዓት ፈረሰ» የሚል ሰው ቢኖር የተሳሳተው እርሱ ነው። እረኛው ማዶ ለማዶ ሲጣራ፣ ገበሬው በሬውን ሲያዝዝ፣ እናት ልጇን ከእሳት ዳር ስትመልስ የሚናገሩት በዚሁ መንገድ ነው። የጥሪና የትእዛዝ አማርኛ የራሱ ሥርዓት አለው፤ አሠልጣኙም ይህን ሥርዓት ጠበቀ እንጂ አላፈረሰም።

በሌላ ነገር ግን ሰዋስው በሜዳ ዳር ከክፍል ይልቅ ይጠብቃል። የተከላካዮችን መስመር እንደ ምሳሌ መውሰድ ይቻላል። ተከላካዮቹ አራቱም በአንድነት ወደ ፊት ከወጡ፣ ከኋላቸው የቀረው አጥቂ ኳስ ሲሰነዘርለት ከጨዋታ ውጪ ይሆናል። ሦስቱ ወጥተው አንዱ ወደ ኋላ ከቀረ፣ ወይም አንዱ ብቻ ወጥቶ ሦስቱ ከቆሙ ግን አጥቂው በሕጋዊ መንገድ ከበረኛው ጋር ፊት ለፊት ይገናኛል። አሠልጣኙ አራቱን ሲያዝዝ «ውጡ!» ይላል፤ አንዱን ሲያዝዝ «ውጣ!» ይላል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት በካዕብና በራብዕ፣ በ«ጡ»ና በ«ጣ» መካከል ያለው ነው። ተማሪ በፈተና ወረቀት ላይ ቢስታት አንዲት ነጥብ የምታስቀንሰው ይህች ፊደል በሜዳ ላይ ግብ ታስቆጥራለች። የሴቶችን ቡድን የሚያሠለጥንም እንዲሁ ልብ ማለት አለበት፤ አንዲቷን ብቻ ሲያዝዝ «ውጪ» ይላታል፣ ብዙዎቹን ሲያዝዝ ግን ለወንዱም ለሴቱም ቃሉ «ውጡ» ነው።

ሁለተኛው ምሳሌ የጾታ ነገር ነው። የእግር ኳስ ተናጋሪዎች ኳስን በሴት አንቀጽ መጥራት ለምደዋል፤ «ኳሷ ወጣች»፣ «ኳሷን ያዛት» ይላሉ። ይህ ልማድ ለጆሮ ከመጣፈጡም በላይ ይጠቅማል። አሠልጣኙ «ያዛት!» ሲል ኳሷን፣ «ያዘው!» ሲል ሰውየውን ማለቱ እንደ ሆነ ተከላካዩ ሳይጠይቅ ያውቃል። ኳስን አንድ ጊዜ በወንድ፣ አንድ ጊዜ በሴት የሚጠራ አሠልጣኝ ግን ይህን ልዩነት ያጠፋዋል፤ «ያዘው!» ሲል ልጁ ኳሱን ይሁን ሰውየውን ሳይለይ በመካከል ቆሞ ይቀራል።

ሦስተኛው የአሉታ ነገር ነው። አማርኛ «አትውጣ» ሲል የመከልከሉን ምልክት ከቃሉ ፊት ያደርጋል። ጩኸት በበዛበት ሜዳ ደግሞ ብዙውን ጊዜ የሚጠፋው የቃሉ መጀመሪያ ነው። «አት» በነፋስ ከተወሰደች ለልጁ የሚደርሰው «ውጣ» ብቻ ነው፤ ክልከላው ትእዛዝ ሆኖ ይገኛል። ስለዚህ አስተዋይ አሠልጣኝ «አትውጣ» ከማለት ይልቅ «ቁም!» ይላል። ይህ ሰው ስለ አሉታ ግስ መጽሐፍ ላያነብ ይችላል፤ ነገር ግን ቋንቋው በየት በኩል እንደሚሰበር ያውቃል። እንዲህ ያለው እውቀት ሰዋስው ካልተባለ ሌላ ስም ሊገኝለት አይችልም።

ከሰዋስው ቀጥሎ የቃላት ነገር ይመጣል። የአገራችን የእግር ኳስ አማርኛ ከብዙ ወንዝ የተቀዳ ነው። «ቴስታ»፣ «ማኖ»፣ «ሪጎሬ»፣ «ካልቾ» ከጣልያንኛ መጡ፤ «ጎል»ና «ፋውል» ከእንግሊዝኛ ገቡ። «በረኛ»፣ «አጥቂ»፣ «ተከላካይ»፣ «ቅጣት ምት» ደግሞ ከቋንቋው ከራሱ ወጡ። በየገጠር ከተማው እነዚህን ቃላት ያስተማረው በአብዛኛው ሬድዮ ነበር። እነ ሰሎሞን ተሰማና ደምሴ ዳምጤ ሜዳውን ለማያየው አድማጭ በቃል እየሣሉ ያቀርቡለት ነበር። የምሥራቅና የመካከለኛው አፍሪካ ዋንጫ በ1980 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ሲደረግና ኢትዮጵያ ስታሸንፍ የተሰማው የደምሴ ዳምጤ ድምፅ እስከ ዛሬ ድረስ ይታወሳል። ቃሉ ከየትም ይምጣ፣ ሰሚው ካወቀው ንጹሕ ነው። ችግር የሚመጣው አሠልጣኙ ከመጽሐፍ ወይም ከአጭር ሥልጠና ይዞት የመጣውን የባዕድ ቃል ሳያስረዳ ሲወረውረው ነው። ከገጠር የመጣው ልጅ ቃሉን አለማወቁን መናገር ያፍራል፤ አሠልጣኙ ደግሞ ዝምታውን እንደ መግባባት ይቆጥረዋል፤ ቅዳሜ በጨዋታው ጊዜ ልጁ ሲሳሳት «ነግሬው ነበር» ይላል። በእውነቱ ግን ተናገረ እንጂ አልነገረውም።

ሁለተኛው ስፍራ የመልበሻ ክፍል ነው። በዚህ ረገድ ከአቶ ይድነቃቸው ተሰማ ይልቅ ሊጠቀስ የሚገባው ሰው ያለ አይመስልም። ይድነቃቸው በ1914 ዓ.ም. ተወለዱ፤ በ1979 ዓ.ም. ዐረፉ። አባታቸው ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በግጥማቸውና በዜማቸው የታወቁ፣ ጀርመን አገር ሄደው ድምፃቸውን በሸክላ ያስቀረጹ፣ በአንደበታቸው የተመሰገኑ ሰው ነበሩ። ልጃቸው ከአማርኛ ሌላ በባዕዳን ቋንቋዎችም ይናገሩ ስለ ነበር፣ ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮ እስከ ዕለተ ሞታቸው ድረስ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ሆነው በዓለም አቀፍ ጉባኤዎች ላይ ተሟግተዋል። እኒህ ሰው በ1954 ዓ.ም. ኢትዮጵያ የአፍሪካን ዋንጫ ባገኘች ጊዜ የቡድኑ አሠልጣኝ ነበሩ።

ያ ቡድን በአንድ አፍ የሚናገር ቡድን አልነበረም። አምበሉ ሉቻኖ ቫሳሎና ወንድሙ ኢታሎ ከአስመራ የመጡ፣ ከጣልያናዊ አባትና ከኤርትራዊት እናት የተወለዱ ነበሩ፤ ጎንደር ተወልዶ በአዲስ አበባው ቅዱስ ጊዮርጊስ ስሙ የገነነው መንግሥቱ ወርቁም አብሯቸው ተሰልፎ ነበር። ትግርኛ፣ አማርኛና ጣልያንኛ ከአንድ ማልያ ውስጥ ይሰሙ ነበር። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ስታዲየም የተደረገው የፍጻሜ ጨዋታ ከግብፅ፣ ያን ጊዜ የተባበረችው ዐረብ ሪፑብሊክ ትባል ከነበረችው አገር ቡድን ጋር ነበር። ግብፆች በ35ኛው ደቂቃ ቀደሙ። በ74ኛው ደቂቃ ተክሌ ኪዳኔ አቻ አደረገ። አንድ ደቂቃ ሳይሞላ ግብፆች እንደ ገና መሩ። በ84ኛው ደቂቃ ሉቻኖ ዳግመኛ አቻ አደረገ። መደበኛው ጊዜ 2 ለ 2 አለቀ።

ከዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። በመደበኛውና በተጨማሪው ጊዜ መካከል ለአሠልጣኝ የሚሰጠው ጊዜ ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው። እግሩ የዛለ፣ ትንፋሹ የተቆራረጠ፣ ሁለት ጊዜ ከሽንፈት አፋፍ የተመለሰ ሰው ረጅም ንግግር አይሰማም። ከተለያየ ቋንቋ የመጡ አሥራ አንድ ሰዎች በእንዲህ ያለ ሰዓት የሚቀበሉት፣ እያንዳንዱ ለራሱ እንደ ተነገረው አድርጎ የሚወስደውን አጭር ቃል ነው። በተጨማሪው ጊዜ ኢታሎ በ101ኛው፣ መንግሥቱ በ117ኛው ደቂቃ አገቡ፤ ኢትዮጵያ 4 ለ 2 አሸነፈች። ግቦቹን ያገባው ንግግር ነው ማለት የተጫዋቾቹን ላብ መካድ ይሆናል። ነገር ግን ቋንቋው የተለያየ ቡድን በደከመበት ሰዓት ሳይበታተን በአንድ ሐሳብ መጫወቱ፣ ቀድሞ በልምምድ ጊዜ ቃልና ትርጉም ተስማምተው እንደ ነበር ያሳያል። እንዲህ ያለው ስምምነት በአንድ ቀን ንግግር አይመጣም፤ በየዕለቱ ቃል ከሥራ ጋር እየተያዘ ይገነባል።

ከዚያ በኋላ ልክ በ51ኛው ዓመት፣ ጥር 13 ቀን 2005 ዓ.ም.፣ ኢትዮጵያ ከ31 ዓመት መጥፋት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ተመልሳ በደቡብ አፍሪካ የመጀመሪያ ጨዋታዋን አደረገች። አሠልጣኙ ሰውነት ቢሻው ነበሩ፤ ተጋጣሚዋም ያለፈው ዋንጫ ባለቤት ዛምቢያ ነበረች። ከዕረፍት በፊት በረኛው ጀማል ጣሰው በቀይ ካርድ ወጣ፤ ቡድኑ በአሥር ሰው ቀረ፤ ግብም ገባበት። በ15 ደቂቃ ዕረፍት ውስጥ የአንዱን ሥራ ለአሥሩ ማከፋፈል፣ ማን የማንን ስፍራ እንደሚሸፍን መንገር ግድ ነበር። ከዕረፍት በኋላ አዳነ ግርማ አገባ፤ ጨዋታው 1 ለ 1 ተፈጸመ። በመልበሻ ክፍል የተነገረው ቃል ለመዝገብ አልቀረም፤ ውጤቱ ግን በሜዳ ላይ ታይቷል። እያንዳንዱ ስፍራውን ያወቀ ቡድን ነበር የተመለሰው። የመልበሻ ክፍል ሰዋስው ማለት ይህ ነው፤ ባለቤቱ ማን እንደ ሆነ፣ ግሱ ምን እንደ ሆነ፣ ስፍራውና ጊዜው የት እንደ ሆነ ሳይምታታ ለእያንዳንዱ ማድረስ።

ሦስተኛው ስፍራ የድምፅ ማጉያ ፊት ነው። ሕዝብ አሠልጣኝን በንግግሩ የሚፈርደው በዚህ ስፍራ ነው፤ ፍርዱም ብዙ ጊዜ የሚዛባው በዚሁ ስፍራ ነው። ከሜዳ ዳርና ከመልበሻ ክፍል የሚሰማው የራሱ ቡድን ነው፤ ከዚህ ላይ ግን የሚሰማው ጨዋታውን ያየም ያላየም ሁሉ ነው።

ከሌላ አገር አንድ ታሪክ መጥቀስ ይጠቅማል። ጣልያናዊው ጆቫኒ ትራፓቶኒ የጀርመኑን ባየርን ሙኒክ ሲያሠለጥኑ፣ መጋቢት 1 ቀን 1990 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ማርች 10 ቀን 1998) በጋዜጠኞች ፊት ቀርበው፣ ሥራቸውን አቃለሉ ባሏቸው ተጫዋቾች ላይ በቁጣ ተናገሩ። የተናገሩት በጀርመንኛ ነበር፤ ጀርመንኛውም በስሕተት የተሞላ ነበር። በመጨረሻም «ጨርሻለሁ» ለማለት ሲፈልጉ፣ በጀርመንኛ ሥርዓት «ነኝ» በሚገባበት ስፍራ «አለኝ»ን አግብተው «ኢሽ ሀበ ፌርቲሽ» አሉ። ጀርመናውያን ሳቁ፤ ሆኖም ያን ዐረፍተ ነገር አልረሱትም። ከነስሕተቱ የሕዝብ አነጋገር ሆኖ ቀረ። ስለ ምን ቢባል፣ ማን እንደ ተቆጣ፣ በማን ላይ እንደ ተቆጣ፣ ስለ ምን እንደ ተቆጣ ለሰሚው ሁሉ ግልጽ ስለ ነበር ነው። የተሰበረው እርከን ሰሚው ራሱ ሊጠግነው የሚችል ነበር።

ሌላው ጣልያናዊ ፋቢዮ ካፔሎ የእንግሊዝን ብሔራዊ ቡድን ሲያሠለጥኑ በእንግሊዝኛቸው ይተቹ ነበር። እርሳቸውም እ.ኤ.አ. በ2011 ስለ ኢኮኖሚ ለመናገር ቋንቋው እንደማይበቃቸው፣ ስለ ጨዋታ ስልት ለመናገር ግን ቢበዛ 100 ቃላት እንደሚበቁ ተናገሩ። አርጀንቲናዊው ማርሴሎ ቢዬልሳ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ በእንግሊዝ አገር ሊድስ ዩናይትድን ሲያሠለጥኑ ለጋዜጠኞች የሚናገሩት በአስተርጓሚ ነበር፤ ቡድኑ ግን እ.ኤ.አ. በ2020 ከ16 ዓመት በኋላ ወደ ከፍተኛው ሊግ ተመለሰ። የፖርቱጋሉ ጆዜ ሞሪንዮም ወደ ታላቅነት የገቡት በአስተርጓሚነት በር ነው። እ.ኤ.አ. በ1992 የእንግሊዛዊውን አሠልጣኝ የቦቢ ሮብሰንን ቃል ለተጫዋቾች ያስተረጉሙ ነበር። የሌላውን ሐሳብ ሳያጎድሉ ማድረስ ለራሱ ትምህርት ቤት ነው።

ከእነዚህ ሁሉ የሚገኘው ትምህርት አንድ ነው። በሁለተኛ ቋንቋ የሚናገር ሰው የሚሠራው የሰዋስው ስሕተት የአእምሮ ስሕተት አይደለም። በአገራችን አንድ አሠልጣኝ በእንግሊዝኛ ሲናገር ግስ ቢያጣምም መሳቅ የተለመደ ነው። የሚስቀው ሰው ግን ባዕዱ አሠልጣኝ አማርኛ ሳይችል አዲስ አበባ ቢመጣ «ስለ ምን አማርኛ አታውቅም?» ብሎ አይስቅበትም። ይህ ሚዛን እኩል አይደለም። የሚመዘነው ሰዋስው ሳይሆን ማን ከማን ይበልጣል የሚለው ክብር ነው። ይኸው ሚዛን ወደ ዱርቤቴ ሲወርድ፣ ከገጠር የመጣው ልጅ «እንዴት» ማለቱ ቀርቶ በአገሩ አፍ «እንደት» ቢል ይሳቅበታል። የተሳቀበት ልጅ ሁለተኛ አይጠይቅም። በሜዳ ያልጠየቀ ልጅ ጨዋታ ያጣል፤ በክፍል ያልጠየቀው ግን ከዚያ የሚበልጥ ነገር ያጣል።

ታዲያ በድምፅ ማጉያ ፊት ሰዋስው ዋጋ የለውም ማለት ነውን? አለው። ነገር ግን ሊመዘን የሚገባው ከሌላ በኩል ነው። አማርኛ በእያንዳንዱ ግስ መጨረሻ ላይ የሥራውን ባለቤት ይገልጻል። አንድ አሠልጣኝ ባሸነፈ ጊዜ «አሸነፍን» ብሎ፣ በተሸነፈ ጊዜ «ተጫዋቾቹ ተሸነፉ» ቢል፣ ሰዋስዉ ፍጹም ትክክል ነው፤ ነገሩ ግን የጎደለ ነው። ድሉን በመጀመሪያ መደብ ወሰደ፤ ሽንፈቱን በሦስተኛ መደብ ጣለ። «ግብ ገባብን» የሚል ግን በአንዲት «ብን» ጉዳቱን ከልጆቹ ጋር ይካፈላል። ከዚህ በላይ የሆነውም «ስልቱን ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ ስሕተቱም የእኔ ነው» ይላል። በዚህ ዓይነት የሰዋስው መደብ የሰውን ጠባይ ይገልጣል። አሠልጣኝን መመዘን የሚወድ አድማጭ፣ ቃሉ ተቃና ወይስ ተጣመመ ከማለቱ በፊት፣ ከድል በኋላና ከሽንፈት በኋላ የተናገራቸውን ግሶች መጨረሻ ቢያነጻጽር ከስሕተት ይድናል።

ከዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል፤ ተቃውሞውም ሊናቅ የሚገባው አይደለም። «አሠልጣኝ በልጆች ዘንድ የተወደደ ሰው ነው፤ ልጆች ከመምህራቸው ይልቅ እርሱን ይመስላሉ፤ እርሱ ቋንቋውን ካበላሸ እነርሱም ያበላሻሉ» የሚል ነው። እውነት አለው። በገዛ ቋንቋው የሚናገር አሠልጣኝ አሳቡን ለመቋጨት፣ አማርኛ ያለውን ነገር በአማርኛ ለመጥራት መጣር አለበት። ይሁን እንጂ ልጆች ከአሠልጣኝ የሚወርሱት ቃል ብቻ አይደለም፤ አነጋገርንም ይወርሳሉ። ሰዋስዉ የተስተካከለ ስድብ አለ። ግሱ የቀና፣ አገባቡ የተሟላ፣ በአንድ ዐረፍተ ነገር የልጅን ልብ የሚሰብር ንግግር አለ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና አይመለስም። አንድ ፊደል የሳተ ቃል በማግሥቱ ይታረማል፤ በሕዝብ ፊት የተዋረደ ልጅ ግን ወደ ሜዳው ላይመለስ ይችላል። ከሁለቱ የትኛው ጥፋት እንደሚከብድ መምህራን አያጡትም።

በዱርቤቴ፣ በቡሬ፣ በፍኖተ ሰላምና በየገጠሩ ትምህርት ቤት ልጆችን ለሚያሠለጥኑ መምህራን ከዚህ ሁሉ አራት የሥራ ነገሮች ይወጣሉ። የመጀመሪያው፣ የውድድሩ ዘመን ሲጀመር አሠልጣኙና ተጫዋቾቹ በጥቂት ቃላት ይስማሙ፤ እያንዳንዱም ቃል በሜዳ ላይ በሥራ ይታይ፣ ለአንድ የሚነገረውና ለብዙ የሚነገረው ይለይ። ሁለተኛው፣ ትእዛዝ የተቀበለው ልጅ የሰማውን በራሱ አፍ መልሶ ይናገር። የቅኔ ተማሪ ቅኔውን ከመምህሩ ፊት እንደሚናገር፣ ተጫዋቹም የሰማውን ቢናገር ስሕተቱ ከጨዋታው በፊት ይታያል። ስሕተቱም ብዙ ጊዜ የተናጋሪው የአሠልጣኙ ሆኖ ይገኛል። ሦስተኛው፣ አፉን በሌላ ቋንቋ ለፈታው ልጅ ወይም በአገሩ አነጋገር ለሚናገረው ልጅ ፍርድ የሚሰጠው በእግሩና በማስተዋሉ ይሁን። የቋንቋው እርማት ካስፈለገ ለብቻው፣ በጊዜው፣ ያለ ሣቅ ይደረግ። አራተኛው፣ ሽንፈት በመጣ ጊዜ አሠልጣኙ ራሱን ከግሱ አያውጣ።

እነዚህ ነገሮች ገንዘብ የሚጠይቁ አይደሉም። ማልያ በሌለበት፣ መረብ በሌለበት፣ ሜዳውም ከክረምት በኋላ ጭቃ በሆነበት ስፍራ ሊደረጉ ይችላሉ። እንዲያውም ሌላው ሁሉ በጎደለበት ስፍራ የአሠልጣኙ ቃል ከሁሉ የሚቀድም መሣሪያ ይሆናል፤ የተወለወለ እንዲሆን ሳይሆን የማይምታታ እንዲሆን ያስፈልጋል።

እንግዲህ «የአሠልጣኝ ሰዋስው ያስፈልጋል ወይስ አያስፈልግም?» ለሚለው ጥያቄ የሚሰጠው መልስ አጭር ነው። ሰዋስው ያስፈልጋል፤ የሚያስፈልገው ግን ለሰሚው ነው። ተናጋሪው የተማረ መስሎ እንዲታይ የሚያገለግል ሰዋስው ለማንም አይጠቅምም፤ ሌላውን ለማሳነስ የሚያገለግል ሰዋስው ይጎዳል። አራት ተከላካዮች በአንዲት ቃል በአንድነት የሚወጡበት፣ ከእንጅባራና ከአቸፈር የመጡ ልጆች በአንድ ሐሳብ የሚጫወቱበት፣ በተሸነፉም ቀን «ተሸነፍን» ተብለው አሠልጣኛቸውን ከጎናቸው የሚያገኙበት ሰዋስው ግን ሊቃውንቱ መሰላል ብለው የጠሩት እርሱ ነው።